የጥናቷን ልጅ «ደህና ነን» አልናት

እኔ ቱግ ባይ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደንበኞቼማ ፀጉራቸውን እየሠራሁ ስለምቆጣ ከማንም በላይ ያውቁታል። እህቴ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። እትዬ ነው የምላት፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በተጨናነቀ አውቶቡስ ውስጥ እግሯን የረገጣትን ሰውዬ «ይቅርታ፣ አደናቀፍኩህ እንዴ?» ያለች ሴት ናት። እውነቴን ነው፣ አጠገቧ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬውም «ምንም አይደል» ብሏት አረፈው!

ቤታችን በመንገዱ በኩል የኔ ፀጉር ቤት ነው። መሃል ላይ እንግዳ ካልመጣ ማንም የማይቀመጥበት ሳሎን አለ። ከኋላ ያለው ሰፊ ክፍልና ግቢው ደግሞ የእትዬ የሕፃናት ማቆያ ነው። እናትና አባት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሮጡ ልጃቸውን ያስረክቧታል፣ ወደ ማታ መጥተው ይወስዳሉ። ፈቃዷም እዚያው ኋላ ክፍል ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። በር ላይ ሰሌዳ አልሰቀለችም፤ «የሚያውቀኝ ያውቀኛል» ትላለች።

ከግቢያችን አጥር ኋላ የጋዝ ቧንቧ ያልፋል። ቧንቧው መሬት ውስጥ ስለሆነ አይታይም፤ የሚታየው በሽቦ የታጠረ፣ ቢጫ የተቀባ መክፈቻና መዝጊያ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ ለጥገና ሲባል ይተነፍሳል። ይተነፍሳል ስላችሁ እንደ ሰው ኡፍ የሚል እንዳይመስላችሁ፤ ሰማይ የተቀደደ ነው የሚመስለው። እኔ ራሴ የሰው ጆሮ ሥር መቀስ ይዤ ስንቴ ዘልያለሁ! እትዬን «ይሄ ነገር አያስፈራሽም?» ስላት መልሷ አንድ ነው፤ «ኧረ ተይው፣ ለመድነው።»

የጋዙ ድርጅት ታዲያ መስመሩን ማስፋፋት አማረው። ካለው ቧንቧ ጎን ሌላ ወፍራም ቧንቧ ሊቀብር፣ ጋዙን እየገፋ የሚያሳልፍ ትልቅ ሞተርም ሊተክል። ሞተሩ ቀንም ሌትም አያርፍም። የት ይተከል? ይህን ለመወሰን መጀመሪያ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ይሠራል፤ ቀጥሎ ሕዝቡ ረቂቁን አይቶ አስተያየቱን ይሰጣል። ሕጉ እንደዚያ ነው፣ ጥሩ ሕግ ነው። ሕጉ ያላሰበው እኛን ነው።

ጥናቱ የሚጀመር ዕለት ዋዜማ ጋሼ ሊቀመንበር በየቤቱ ዞሩ። ጋሼ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ግን የውኃ ኮሚቴ ቢሆን፣ የጥበቃ ቅጥር ቢሆን፣ የጠፋ ድመት ፍለጋ ቢሆን እሳቸው ካልመሩት ስለማይሆን ስሙ በዚያው ቀረ። «ነገ እንግዶች ይመጣሉ» አሉ። «ሰፈራችንን እንዳታሰድቡ!»

እንዳታሰድቡ የተባለ ሰፈር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መንገዱ ተጠረገ። ሲዘንብ የሚሞላው ቦይ ላይ ሳንቃ ተጋደመበት፣ ሳንቃው ላይ ደግሞ የአበባ ማሰሮ ተደረደረበት። ቀኑን ሙሉ ብረት ሲፈጭ የሚውለው ጎረቤታችን ብየዳው ሱቁን ዘግቶ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። እትዬም እኔን «ልጆቹን መጫወቻ ሜዳ ውሰጃቸው፣ እንግዳዋን እንዳያስቸግሩ» አለችኝ። እኔ! የሰው ልጅ አንገት ካልታጠበ ፀጉር አልነካም የምል ሰው፣ ቀኑን ሙሉ አፍንጫ ስጠርግ ዋልኩ።

ከጥናቱ መሥሪያ ቤት የመጣችው ወጣት ልጅ ናት፤ የጥናቷ ልጅ እያልን ቀረን። ታብሌቷን ይዛ ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጠች። ሻይ ቀረበላት። የሆነውን እትዬ ራሷ ናት ማታ የነገረችኝ፣ ያውም በኩራት።

«ከቧንቧው የተነሳ የሚረብሽ ድምፅ አለ ወይ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ኧረ ምንም የለ፣ እግዜር ይመስገን።»

«ሽታስ?»

«ደህና ነን። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝብሽ፣ የኔ ልጅ።»

«የሚያሳስብዎት ነገር አለ? ጎርፍ፣ ደህንነት፣ ማንኛውም ነገር?»

«ምን ያሳስበኛል! አንቺ ግን ፀሐይ መቶሻል፣ ትንሽ አረፍ በይ።»

ከኛ ቤት ወጥታ ብየዳው ጋ ሄደች፤ ደህና ነን። ጋሼ ሊቀመንበር ጋ ሄደች፤ እጅግ ደህና ነን። ሰፈሩን በሙሉ ዞራ አንድ የሚያመው ሰው አላገኘችም። ሳሎን ሳሎኑን አየች እንጂ ጓዳውን ማን ያሳያታል?

ረቂቁ ወጣ። አንዷ ደንበኛዬ ስልኳ ላይ አውርዳ ይዛልኝ መጣች፤ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ተቀምጣ እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ። «ነዋሪዎቹ ከነባሩ መስመር ጋር በተያያዘ የገለጹት ችግር የለም። አካባቢው ጸጥተኛ ነው። ሕፃናት የሚውሉበት ተቋም በአቅራቢያው አልተስተዋለም።» ከዚያ ወርዶ ወርዶ ሞተሩ ቢተከል ማንንም የማይጎዳበትን ቦታ በካርታ አሳየ። ቦታው ከእትዬ አጥር ጀርባ ነው። ልክ ልጆቹ ከሚተኙበት ግድግዳ ኋላ!

ደሜ ፈላ። ደንበኛዬን ካስክ ውስጥ ትቼ ወደ ኋላ ክፍል በረርኩ። ልጆቹ የቀትር እንቅልፋቸውን ተኝተዋል፤ ስለዚህ የሕይወቴን ትልቁን ጠብ በሹክሹክታ መጣላት ግድ ሆነብኝ። በሹክሹክታ ሰው ላይ መጮህ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ጉሮሮ ይሰነጥቃል።

«ምን ነካሽ? ‹ደህና ነን› አልሻት?»

«ታዲያ ምን ልበላት? ቤቴ ገብታ ደህና ናችሁ ወይ ላለች ልጅ ችግሬን ላራግፍባት?»

«እትዬ፣ ሰላምታ አይደለም እኮ! ጥናት ነው! አሁን ሞተሩን እዚህ ሊተክሉት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እያጓራ ማን ልጁን እዚህ ያስተኛል? ሊያዘጉሽ ነው! ቅዳሜ የሕዝብ አስተያየት አለ፤ ተነስተሽ ትናገሪያለሽ።»

እትዬ የአንዱን ልጅ ብርድ ልብስ አስተካከለች።

«ምን ብዬ?» አለች። «ወላጆቹም ይመጣሉ። እነሱ በተሰበሰቡበት ቆሜ ‹ልጆቻችሁን የማውላቸው ከሚያስፈራ ነገር ሥር ነው› ልበል? ዝም ብል በሞተሩ ይዘጋብኛል። ብናገር ሰኞ ጠዋት ይዘጋብኛል። ከሁለቱ የትኛው ይሻልሻል?»

ለካ እሷ ነገሩን ጨርሳ አስባዋለች፤ እኔ ነኝ ቁጣ ብቻ ይዤ የገባሁት። ወደ ደንበኛዬ ስመለስ ፀጉሯ ከሚገባው በላይ ደርቆ ነበር። አልተጣላችኝም፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። መድረኩ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጧል፤ ከገምጋሚው ቦርድ የመጡት ሰብሳቢ፣ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው፤ የድርጅቱ ጠበቃ፣ ከረባቱን አጥብቆ አስሮ አንገቱ የቀላ ሰውዬ፤ እና የኛዋ የጥናቷ ልጅ። ከማይክሮፎኑ ጎን መብራት ተተክሏል። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ፤ ቀይ ሲበራ በቃ።

ጋሼ ሊቀመንበር ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ተነሱ። ሰፈሩ በሙሉ የተማመነው በሳቸው ነው። መጀመሪያ የተከበሩ ሰብሳቢን ሰላም አሉ። ቀጥሎ የተከበሩ የድርጅቱን ተወካይ። ቀጥሎ ተመራማሪዋን፣ አዳራሹን የፈቀደውን ትምህርት ቤት፣ ወንበር የደረደሩትን ወጣቶች። እንዲህ ዓይነት ዕድል ስለተሰጠን ያለንን ልባዊ ምስጋና ገለጹ፤ አገላለጹ ስላላረካቸው ደግመው ገለጹ። «እንግዲህ ወደ ዋናው ቁም ነገር ስገባ» ሲሉ መብራቱ ቀይ ሆነ።

«ጊዜዎ አልቋል፣ እናመሰግናለን» አሉ ሰብሳቢዋ።

ጋሼ ሊቀመንበር መብራቱን እንደ ባለጌ ተማሪ አፍጥጠው አዩትና ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተነሳም። እሳቸው ከተናገሩ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል? ነውር ነው። ሰብሳቢዋ «ሌላ አስተያየት ከሌለ…» ብለው ወረቀታቸውን መሰብሰብ ሲጀምሩ እኔ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ማይክሮፎኑ ጋ ደረስኩ።

ያልኩትን ሁሉ አልደግምላችሁም። ጠበቃውን ምን እንዳልኩት እሱና እኔ እናውቃለን። ጥናቱን «በሻይ የተሠራ ጥናት» አልኩት፤ ይህቺኛዋን ዛሬም ቢሆን አልተጸጸትኩባትም። ሰብሳቢዋ «እህቴ፣ ሰው አይሳደቡ፤ ችግሩን ይንገሩን» አሉኝ።

«ከአጥሩ ሥር ሕፃናት ይውላሉ! የእህቴ ማቆያ ነው! በድምፁ ይደነግጣሉ!»

ጠበቃው ቀስ ብሎ የጥናቷን ልጅ ታብሌት ሳበ። እንዲህ ቀስ ሲሉ ነው የምፈራው። «የዚያ ቤት ባለቤት ለጥናቱ የሰጡት ቃል እነሆ» አለና አነበበ። «የሚረብሽ ድምፅ፦ ‹ምንም የለ›። የሚያሳስብ ነገር፦ ‹ምን ያሳስበኛል›።» ቀና አለ። «ባለቤቷ አዳራሹ ውስጥ አሉ?»

የሰፈሩ አንገት በሙሉ ወደ እትዬ ዞረ። እትዬ ከኋላ ነው የተቀመጠችው፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። ከፊቷ ያለው ረድፍ ደግሞ የወላጆቹ ነው። ቀስ ብላ ተነሳች። መምጣት አልፈለገችም ነበር፣ እኔ ነኝ የጎተትኳት። አሁን ግን ስትነሳ ሳያት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም እንድትል ፈለግሁ። ተቀመጪ፣ ይቅርብን፣ ልላት ነበር።

«እንግዲህ እመቤቴ» አለ ጠበቃው፣ «ያልተስተካከለው ቃል የቱ ነው? ያን ጊዜ የሰጡት ነው ወይስ እህትዎ አሁን የሚሉት?»

«ያን ጊዜ የሰጠሁት» አለች እትዬ።



«ልጅቷ ስትመጣ ደክሟት ነበር» አለች። ማይክሮፎን የላትም፤ ግን ሁሉም ሰማት። «ደህና ናችሁ ወይ አለችኝ፣ ደህና ነን አልኳት። እንግዳ ነች። በሻይ ላይ ፍርሃቴን አላጠጣትም።»

«የምን ፍርሃት?» አሉ ሰብሳቢዋ።

እትዬ ወላጆቹን አየቻቸው። አንድ በአንድ ነው ያየቻቸው፤ የምትሰናበታቸው ነው የመሰለኝ።

«ያ ነገር ሲተነፍስ ለጥገና እንደሆነ አውቃለሁ። ተነግሮናል፣ ገብቶኛል። ግን በተነፈሰ ቁጥር ፈነዳ ብዬ ነው የማስበው። ልጆቹን ወደ ጥግ ሰብስቤ በላያቸው ላይ እተኛለሁ። ጨዋታ ነው እላቸዋለሁ፤ እኔ ዶሮዋ፣ እነሱ ጫጩቶቹ። ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ክንዴ ለሁሉም አይደርስም፤ ሁልጊዜ የሆነ እግር ወይ የሆነ እጅ ውጭ ይቀርብኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሞተሩን እዚያው ላይ የምትተክሉት ከሆነ ግን ወላጆቹ ከኔ ይስሙት ብዬ ነው።» ቦርሳዋን አነሳች። «ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።»

እኔ ማይክሮፎኑ ሥር ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንድ ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው! በሁለት ግድግዳ ማዶ እሷ ልጆች ላይ ስትተኛ እኔ እዚህ «ወይኔ ቅንድቧን ጎዳሁት» እያልኩ ነው። ለመድነው ስትለኝ አምኛት!

የጥናቷ ልጅ ብድግ አለች። «ሰብሳቢ፣ ኋላ ያለውን ክፍል ልየው ብዬ አልጠየቅሁም። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ጠበቃው እንድትቀመጥ በዓይኑ ጠቀሳት፤ አልተቀመጠችም። ጎበዝ ልጅ።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ብየዳው እጁን አወጣ። «እኔም ደህና ነን ብያለሁ። ደህና አይደለሁም! እዚያ ሽቦ አጠገብ የእሳት ፍንጣሪ እየረጨሁ ነው የምውለው፣ ይቻል አይቻል የነገረኝ የለም፣ ሱቄን እንዳትዘጉብኝ ብዬ ነው የደበቅሁት!» አንዲት ባልቴት «ሳንቃውን አንሱትና ቦዩን እዩት! አበባው የኔ ነው፣ ውሸት ነው!» ብለው ጮኹ። ሌላው ስለ ሽታ፣ ሌላዋ ስለ ተሰነጠቀ ግድግዳ። አንዱማ ሞቅ ብሎት ስለ አማቱ ጀመረ፤ ሰብሳቢዋ እሱ ከቧንቧው ጋር እንደማይገናኝ አስረዱት። ጋሼ ሊቀመንበር ሁለተኛ ዕድል ጠይቀው ተሰጣቸው፤ በዚህኛው ሰላምታ ሳይሉ «ሰፈሩን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ!» ብለው ተቀመጡ። በሕይወታቸው ያደረጉት አጭሩ ንግግር ነው። መብራቱ ቀይ ሲሆን የሚያየው ጠፋ፤ ሰብሳቢዋም በመጨረሻ ሶኬቱን ነቅለው ይጽፉ ጀመር።

መጨረሻውን ልንገራችሁና ልገላገል። ቦርዱ ጥናቱን መለሰው፤ እንደ አዲስ ተሠራ፤ ሞተሩ ማንም ከማይኖርበት፣ ከአሮጌው የድንጋይ ማውጫ ማዶ እንዲተከል ተወሰነ። አዲሱ ቧንቧ አልቀረም፣ ከአጥራችን ኋላ ተቀብሯል፤ ሁሉን ማሸነፍ አይቻልም። መተንፈሻው ሊከፈት ሲል ግን ቀደም ብለው በስልክ ይነግሩናል፣ እትዬም ልጆቹን ይዛ ሜዳ ትወርዳለች። ይሄ ሁሉ ግን ከብዙ ወራት በኋላ የሆነ ነው። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ከአዳራሹ ስብሰባ በኋላ የመጣውን ሰኞ ነው።

ሰኞ እትዬ በማለዳ ተነስታ ምንጣፉን አነጠፈች፣ ትንንሾቹን ኩባያዎች አጥባ ደረደረች፣ በሩን ከፍታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ የተጠረገ ፀጉር ቤቴን እንደገና እጠርጋለሁ። ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ሰዓት ግቢው በለቅሶና በሳቅ ይደበላለቃል። የመንትዮቹ እናት ስልክ ደወለች፤ «ለጊዜው እናቴ ጋ ላውላቸው ብዬ ነው» አለች። እትዬ «ልክ ነሽ የኔ እህት፣ ሳሚልኝ» ብላ ዘጋች። እኔ በሆዴ ያልሰደብኩት ሰው የለም። ለምን እንደጎተትኳት፣ ለምን አርፌ መቀሴን እንዳልያዝኩ፣ ራሴንም ሰደብኩ።

«ብንዘጋው ምንም አይደል» አለች እትዬ ወደ መንገዱ እያየች። «እውነቱን ሰምተው ነው።»

«ዝም በይ» አልኳት።

ከወላጆቹ አንዷ የሆነችው ነርስ መጣች። ልጇን አዝላ ነው የመጣችው፤ የሆስፒታል ልብሷን ለብሳለች፣ ዓይኗ አብጧል። ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ከእትዬ ፊት ለፊት የነበረችው እሷ ናት። በሩ ላይ ቆመች።

«እንዴት አደርሽ?» አለቻት።

እትዬ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ቆመ። «አልተኛሁም» አለች።

«እኔም አልተኛሁም» አለች ነርሷ። «ጥጉን አሳዪኝ።»

ተያይዘው ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። እኔም መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ተከተልኩ። እትዬ በመስኮቱና በቁም ሳጥኑ መሃል ያለውን ጥግ አሳየቻት። ነርሷ ተንበረከከች፤ ምንጣፉን በእጇ ዳሰሰችው፤ ግድግዳውን ነካችው። ልጁ ከጀርባዋ ሆኖ ጫማውን ለማውለቅ ይታገላል።

«ሌሊቱን ሙሉ ‹የኔን ልጅ ከመሃል አድርጊልኝ› ልልሽ ሳስብ አደርኩ» አለች ቀና ሳትል። «አሁን ግን አፈርኩ፣ አልልሽም።»

እትዬ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። «መሃል የሚባል የለም፣ እህቴ» አለቻት። «ክንዴ አያስመርጠኝም። አብዝቶ የሚጮኸው ነው ደረቴ ሥር የሚገባው።»

ነርሷ አየቻት። ሳታስበው ሳቅ አመለጣት፣ እንባዋም አብሮ። «እንግዲያው የኔው አለቀለት» አለች። «እሱ ጩኸት መቼ አነሰውና!»

ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ሰጠቻት። ጉንጩን ሳመችው፣ ሰዓቷን አየች፣ «ማታ እመጣለሁ» ብላ ወደ ሥራዋ ሮጠች። በሩን ሳትወጣ ልጁ ሰፈሩን በለቅሶ ቀወጠው፤ እትዬም አንስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።